አንገት የሚቆርጡ ሴቶች

«እማዬ፣ ይህን ከየት ገለበጥሽው?»

ልጄ ዩሪዲያ ይህን ስትጠይቀኝ በራችን ላይ አንድ ፖሊስ፣ ሦስት ጎረቤቶች፣ የባሌ እህትና ማንም ያልጠራው አንድ ውሻ ቆመው ነበር። ሁሉም በሩ ላይ የለጠፍኩትን ካርቶን ያያሉ። መልሱ ሩቅ አልነበረም። ከኋላዬ፣ ኩሽና ውስጥ፣ የኦሬጋኖ ቅመም ጣሳ ውስጥ፣ አራት ቦታ ታጥፎ ተቀምጧል። እኔ ግን ወደዚያ አልዞርኩም።

ደብዳቤው የመጣው ከዚያ አሥራ አንድ ቀን በፊት ነው። ዩሪዲያ ፑዌብላ ከተማ ላለ የነርሶች ትምህርት ቤት ፈተና ወስዳ ነበር። እንድትፈተን የፈቀድኩት እኔው ነኝ፤ ፈተናው በጣም ከባድ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበርና። ጥሩ እናት ልጇ እንድትሞክር ትፈቅዳለች። እንድታልፍ ግን ማንም አላስፈቀደኝም።

ፖስተኛው «ዶኛ ፊዴ፣ ለልጅዎ ነው፤ ማህተም አለው» ብሎ ሰጠኝ። እኔ ማህተም ያለበት ወረቀት አልወድም። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ወረቀት ቤታችን የገባው ሁለቴ ነው፤ አንዴ አባቴ ሲሞት፣ አንዴ ውሃ ሊቆርጡብን። ስለዚህ ልጄ ወደ ቤት እስክትመለስ ብዬ ጣሳው ውስጥ ከተትኩት። ተመለሰች። እስክትበላ አልኩ። በላች። እስኪነጋ አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ቀን ሞላ። ክፋት አልነበረም፤ ደጋግሜ መልካም ጊዜ እየጠበቅኩ ነበር።

ለነገሩ ማንበብ እንድማር ያስመዘገበችኝ እሷው ናት። ሰኞና ረቡዕ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ በቤተክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ኦዲሎን ያስተምሩናል። አምስት ሴቶች ነን። ዩሪዲያ ስታስመዘግበኝ «ስሄድ የምጽፍልሽን አንቺ ራስሽ እንድታነቢው ነው፤ አክስቴ ዜናይዳ አንብባልሽ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማው አይደለም» አለችኝ። ስሄድ አለች። ብሄድ አላለችም። ያን ቀን እርሳሱንም ደብተሩንም ጠላኋቸው፤ ክፍሉ ግን ሄድኩ።

እናም ደብዳቤውን ማንበብ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን «ዩሪዲያ» የሚለውን አገኘሁ። በሦስተኛው ቀን «ተቀብለናታል» የሚለውን። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ትምህርት ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም። በስድስተኛው ቀን መጨረሻው ላይ ደረስኩ። ተማሪዋ ከአሳዳጊዋ ጋር፣ የልደት ማስረጃዋን ዋናውንና ሁለት ኮፒ ይዛ፣ እስከ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በአካል እንድትቀርብ እናሳስባለን ይላል። ሳትቀርብ ብትቀር በገዛ ፈቃዷ እንደተወችው ይቆጠራል ይላል። በጣም የሚያምር ጽሑፍ ነው። ሰው ሳይቆጣ እንዲህ አድርጎ መቆጣት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ዩሪዲያ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ ትጠይቀኛለች።

«እማዬ፣ ፖስታ መጣ?»

«እኔ ወረቀት ከወረቀት የት ለይቼ፣ ልጄ።»

አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንበብ አለመቻሌ ጠቅሞኝ አያውቅም። ጥቅሙ የገባኝ ማንበብ ከቻልኩ በኋላ ነው።

ለምን እንደደበቅኩት የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ ምክንያት ሞልቶኛል። ፑዌብላ ይበርዳል። መኪናው ይበዛል። እዚያ የበቆሎ ሾርባችንን፣ ፖሶሌን፣ ቀይ አድርገው ይሠሩታል አሉ፤ ሐሙስንም አይጠብቁም። ባሌ አቡንዲዮም አንድ ቀን «ለሁለት ዓመት ብቻ» ብሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ አሜሪካ፣ ሄዶ አሥራ ሦስተኛውን ይዟል። ትምህርት ስላልነበረው መቁጠር ይቸግረዋል ብዬ አልፈዋለሁ። ልጄ ግን የተማረች ናት፤ እሷ ስትሄድ ምን ብዬ ላልፈው ነው?

የካርቶኑ ነገር የመጣው እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ሐሙስ የፖሶሌ ቀን ነው። ሐሙስ ቀን ሌላ ነገር የሚበላ ሰው ወይ ታሟል ወይ እንግዳ ነው። ግቢዬ ውስጥ አምስት ጠረጴዛ አለኝ። የአሳማውን ጭንቅላትና እግር፣ በቆሎውን፣ የተፈጨውን የዱባ ፍሬና ቅጠላ ቅጠሉን በትልቁ ድስት አዋህጄ አረንጓዴ አድርጌ አወጣለሁ፤ ሰው በላዩ ላይ አቮካዶውን፣ የተጠበሰውን የአሳማ ቆዳ፣ ሰርዲኑንና ሎሚውን እንደፈቃዱ ይጨምራል። ሥራው ያለው በቆሎው ላይ ነው። በኖራ ውሃ ቀቅለነው፣ ቆዳው እስኪለቅ ካጠብነው በኋላ፣ የእያንዳንዱን ፍሬ ጠንካራ ጫፍ በጥፍር ቆንጥረን እናወጣለን። ያ ጫፍ ካልወጣ ፍሬው ድስቱ ውስጥ እንደ አበባ አይከፈትም፤ ሾርባው ውስጥ እንደ ወለቀ ጥርስ ይቀመጣል። ይህን ሥራ ከአያቶቻችን ጀምሮ «አንገት መቁረጥ» ነው የምንለው። «ነገ አንገት እንቆርጣለን፣ ትመጫለሽ?» ሲባል ማንም አይደነግጥም።

በዚያ ሳምንት የሰፈራችን ቅዱስ በዓል ሐሙስ ዋለ። ድስቱ ሁለት ሆነ። ሁልጊዜ ከሚቆርጡልኝ ሁለት ሴቶች አንደኛዋ ልጇ ወልዳ ልትጠይቃት ሄዳለች፤ የሌላዋ አውራ ጣት አብጧል። ሰው ያስፈልገኛል። ለዜናይዳ በጆሮዋ ብነግራት እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ይሰማ ነበር። ግን መጻፍ የተማረ ሰው በአፉ ማውራት ይከብደዋል።

ረቡዕ ጠዋት ካርቶን ቆርጬ፣ ማርከር ገዝቼ ተቀመጥኩ። ማስታወቂያው እንዲያምር ፈልጌ ነበር። በሕይወቴ አንብቤ የጨረስኩት የሚያምር ጽሑፍ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከጣሳው አወጣሁት፣ የሚሆነኝን ገለበጥኩ፣ «እሷ» የሚለውን «እነሱ» አደረግኩ፤ ይህ ብቻ ጠዋቴን ጨረሰው። ስጨርስ እንዲህ ይላል፦

«ለሐሙስ አንገት የሚቆርጡ ሴቶች ዋናውንና ሁለት ኮፒ ይዘው በአካል እንዲቀርቡ እናሳስባለን። ሳይቀርቡ የቀሩ በገዛ ፈቃዳቸው እንደተዉት ይቆጠራል።»

በሩ ላይ ለጥፌ፣ ወደ ኋላ ሄድ ብዬ አየሁትና ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሱ መጣ። ከባህር ዳርቻው አካባቢ በቅርቡ የተዛወረ ነው፤ የእኛን አነጋገር ገና አልለመደም። የኛ አካባቢ ደግሞ ስለ አንገት የሚቀለድበት እንዳልሆነ ነግረውት ይሆናል የላኩት።

«ዶኛ ፊዴንሲያ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ» አልኩ። እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ ስለማላውቅ ትንሽ ኮራሁ።

«የማን አንገት ነው የሚቆረጠው?»

«የበቆሎ ነዋ።»

«በቆሎ የሚል የለበትም።»

ዞሬ አየሁት። እውነትም የለበትም። በመንገዳችን ከበቆሎ ሌላ ምን ይቆረጣል ብዬ አስቤ ትቼው ነበር።

ዜናይዳ ከጎን ካለው ቤቷ ወጥታ ቆማለች። ይህች ሴት የባሌ እህት ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ጭልፋዬን ስትመኝ የኖረች። በየሐሙሱ «ፊዴ፣ ይሄ ፖሶሌ ነው ወይስ የእጅ መታጠቢያ?» ትለኛለች፤ ከዚያ ሦስት ሳህን ትበላለች።

«ሁለት ወር ተምራ መጀመሪያ የጻፈችው የግድያ ማስታወቂያ ነው» አለችው ለፖሊሱ። «መምህሯን አብረህ ብትይዘው ይሻላል።»

በዚህ መሃል ሦስት ሴቶች መጡ። ናሳሪያ መታወቂያዋንና ሁለት ኮፒ ይዛለች።

«ዋናው ይኸው፤ ኮፒው ግን ደብዛዛ ነው፣ የሱቁ ኮፒ ማሽን ቀለም ጨርሷል። ይሄ ይበቃል ወይስ ፎቶም ላምጣ?»

«ናሳሪያ፣ አሥር ዓመት ፖሶሌዬን ስትበዪ መታወቂያ ጠይቄሽ አውቃለሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ነገሩ ጠበቀ ብዬ ነው። እናሳስባለን ይላል።»

ኦቲሊያ ደግሞ ቢላዋ ይዛ ነው የመጣችው። «በጥፍር ከሆነም ጥፍር አለኝ» አለች፣ ፖሊሱን ስታይ ቢላዋውን ወደ ሽርጧ እየሸሸገች። ፖሊሱ የናሳሪያን አንድ ኮፒ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ለምን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ዩሪዲያ የደረሰችው ያኔ ነው። ሰዉን ስታይ ሮጠች፤ ካርቶኑን ስታይ ሳቅ ያዛት። እንደ ሬዲዮ ድምጿን አሳምራ ለሁሉም ማንበብ ጀመረች። «ለሐሙስ፣ አንገት የሚቆርጡ ሴቶች፣ ዋናውንና ሁለት ኮፒ ይዘው…» ሴቶቹ ሳቁ፤ ፖሊሱም ሳቀ። «ሳይቀርቡ የቀሩ በገዛ ፈቃዳቸው…» አለችና ድምጿ እንደ ሰው ድምፅ ሆነ። ቀሪውን ለራሷ አነበበችው። ከዚያ ነው ዞራ የጠየቀችኝ።

ዜናይዳ ቀድማ መለሰችልኝ። «ከመምህሩ ነዋ የምትገለብጠው፤ እሷ ከየት ታመጣለች?» እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ራስ መነቅነቅ መዋሸት አይባልም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዩሪዲያ ቦርሳዋን አስቀምጣ እጇን ታጠበች።

ሁላችንም ግቢው ውስጥ በቆሎውን ከብበን ተቀመጥን። ፖሊሱ «ለማጣራት» ብሎ አብሮን ተቀመጠ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያጣራ ከኦቲሊያ የበለጠ ቆረጠ። ልጄ ፊት ለፊቴ ናት። ፍሬውን ታነሳለች፣ ጫፉን በጥፍሯ ታወጣለች፣ ትጥላለች። ቀና አትልም።

«ከፑዌብላስ ምን ተሰማ?» አለቻት ናሳሪያ።

«ምንም። ለሌሎቹ ልጆች ከደረሳቸው ቆየ። እስከ ዓርብ ነው አሉ። ለኔ ካልጻፉ እንግዲህ ወድቄያለሁ።»

«አይዞሽ፣ ሌላም ዓመት አለ።»

«አሁንስ ነርስ ብትሆን ምን ይተርፋታል?» አለች ዜናይዳ። «የሰው ቂጥ ስትወጋ መኖር። በቆሎ ይሻላል፣ በቆሎ አይጮህም።»

«ስወጣ ሁሉንም የሠራሁት መስሎኝ ነበር» አለች ዩሪዲያ። ለማንም አይደለም የተናገረችው፤ ለበቆሎው ነው። «የአጥንቶቹን ስም እንኳ አንድም አልሳትኩም። ይኸው ነው፤ ሰው የሚያውቅ ይመስለዋል።»

ልጄ ደደብ መሆኗን ከኔ ዝምታ ስትማር ቁጭ ብዬ አየኋት። ለደህንነቷ ብዬ ነው። እንዳይበርዳት ብዬ ነው። ሁለት ፍሬ ጣቴ ላይ ፈረሰ፤ ዜናይዳ አየችና «ገበሬው ስንት ደክሞበታል» አለችኝ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መምህር ኦዲሎን በእግራቸው መጡ። ከአምስት ተማሪዎቻቸው ሦስታችን እዚህ ቁጭ ብለናል፣ ባዶ አዳራሽ ማስተማር ሰልችቷቸው ነው። በሩ ላይ ቆም አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ መምህር» አልኩ። የቅድሙ ኩራት አልነበረም።

«እርስዎ? ‹በገዛ ፈቃዳቸው› ብለው?» መነጽራቸውን እንደገና አወለቁ። «ዶኛ ፊዴንሲያ፣ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። እንዲህ የፈጠነ ተማሪ አላየሁም። እኔ እኮ ገና ያደረስኳችሁ ‹እናቴ ትወደኛለች› ድረስ ነው።»

ዩሪዲያ በእጇ ያለውን ፍሬ ጫፉን ሳታወጣ ወደ ሳህኑ መለሰችው።

ተነስቼ ኩሽና ገባሁ። ጣሳውን ይዤው ወጣሁ። ከነጣሳው ሰጠኋት። አወጣችው፣ ዘረጋችው፣ የደረቀው ቅጠል ጉልበቷ ላይ ረገፈ። አነበበች። እኔ ስድስት ቀን የፈጀብኝን እሷ ሁለት ጊዜ ስትተነፍስ ጨረሰችው። ከዚያ ማህተሙ ላይ ያለውን ቀን አየች።

«አንብበሽዋል?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለጩኸት መልስ አላጣም፣ ከዜናይዳ ጋር ስንት ዓመት ተለማምጃለሁ። እሷ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረችው።

«ሳልሄድ ብቀር ‹በገዛ ፈቃዷ› ብለው ይጽፉብኝ ነበር። በገዛ ፈቃዷ፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ምን ብለሽ ነው ያሰብሽው?»

«አላሰብኩም። ፈርቼ ነው።»

«እኔስ የማልፈራ መሰለሽ?»

ይህን አስቤው አላውቅም። አሥራ ሰባት ዓመት ስለሷ ስጨነቅ ኖሬ፣ እሷም ትፈራለች የሚል አንድ ቀን አልመጣልኝም። ፍርሃቱን ሁሉ እኔ የያዝኩት መስሎኝ።

ዜናይዳ ዝም ብላ ነበር። ሁለት ደቂቃ ይሆናል፣ በሕይወቷ ረጅሙ። ከዚያ ግን አወጣችው።

«ዓርብ እዚያ ለመድረስ ነገ ጠዋት መሳፈር ነው። አሳዳጊም ይላል። ታዲያ ሐሙስ ማን ሊጨልፍ ነው?»

በሁለት ድስት፣ በበዓል ቀን፣ አሥራ ሦስት ዓመት ጭልፋዬን ለማንም ሳልሰጥ ከኖርኩ በኋላ። ልጄን አየኋት። ምንም አልለመነችኝም፤ ደብዳቤውን እያጣጠፈችው ነበር፤ በዚያው በኔ እጥፋት።

«አንቺ» አልኩ።

«እኔ?»

«ጭልፋው የት እንዳለ ታውቂያለሽ።»

«የዱባውን ፍሬ እጨምርበታለሁ።»

«ጨምሪ።»

«በእጥፍ።»

«ዜናይዳ፣ ጨምሪ አልኩሽ።»

ቀጥሎ የመጣው ጣጣ ሁለቱ ኮፒ ነው። የከተማው ብቸኛ የሱቅ ማሽን ቀለም ጨርሷል፣ ምስክራችን ናሳሪያ ናት። ፖሊሱ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን እያወጣ ተነሳ።

«ጣቢያ ማሽን አለ» አለ። «ማንም አይሠራበትም፣ ስለዚህ ቀለም አለው።»

የልደት ማስረጃዋን ይዞ ሄዶ ሦስት ኮፒ አምጥቶ መጣ፤ አንዱ ለመጠባበቂያ። ያቺን የናሳሪያን ኮፒም መለሰላት። ስለ አንገቱ ጉዳይ ምን ብሎ እንደጻፈ አልጠየቅኩትም። መምህር ኦዲሎን ከመሄዳቸው በፊት በማርከሩ ካርቶኑ ላይ «የበቆሎ» የሚል ጨመሩበት፤ ሰው ሁሉ ካወቀ በኋላ።

ሐሙስ ጠዋት ስንሳፈር ዩሪዲያ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ቺልፓንሲንጎ ከተማ እስክንደርስ አላናገረችኝም። መብቷ ነው አልኩ፤ እኔ አሥራ አንድ ቀን ነው ያልነገርኳት። ከዚያ በኋላ «ያ ኩዋውትላ የሚለው ምን ይላል?» አለችኝ፣ በመንገድ ዳር የቆመውን ሰሌዳ እያሳየች። ስሙን ራሷ እንደነገረችኝ አላስተዋለችም። ወይም አስተውላለች። ፊደል በፊደል አነበብኩላት፤ ቀጥሎ ያለውንም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም። የጎማ ማስታወቂያ ሳይቀር አነበብኩ። ከኋላችን የተቀመጠ ሰውዬ እንቅልፍ እንደነሳሁት ነገረኝ።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ መስኮቱ ፊት ቆምን። ጸሐፊዋ ወረቀቶቹን ቆጠረች፣ ማህተም መታች፤ ሽርጤን አይታ ይሁን ፊቴን እንጃ፣ የአሻራ ቀለሙን ወደኔ ገፋችው።

«አሳዳጊ እዚህ ላይ ጣትዎን።»

«እጽፋለሁ» አልኩ።

ከመጻፌ በፊት ወረቀቱን በሙሉ፣ መስመር ሳልዘል አነበብኩት። ከኋላዬ ሰልፉ ያጉረመርማል፤ ጸሐፊዋ ሰዓቷን ታያለች፤ ዩሪዲያ ግን «አትቸኩዪ፣ እማዬ» አለችኝ። ልጄን መቼ እንደሚመልሱልኝ የሚል መስመር ነበር የምፈልገው። የለበትም። ስሜንና የአባቴን ስም ጻፍኩ።

ማደሪያው ከዚያው ቀን ጀምሮ ክፍት ነው ተባለ፤ አልጋዋ በር አጠገብ ነው፤ ብርድ ልብሱ ስስ ነው። የለበስኩትን ሻርፕ ሰጠኋት። ትምህርቱ ሰኞ ይጀምራል።

ዩሪዲያ እዚያ ቀረች። እኔ የአሥር ሰዓቱን አውቶብስ ይዤ ሄድኩ።